ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው ማስታወሻ

ወንድሜ ባሌን ማን እንደገደለው እያወቀ ዓመታት ሙሉ ደበቀኝ።

ገዳይ ስል ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። ማንም አልገደለውም፣ ስህተት ነው ይለኛል። እኔ ደግሞ ስህተት እግር አውጥቶ ሰው ቤት አይሄድም፣ የሠራው እጅ አለ፣ የዚያን እጅ ባለቤት ንገረኝ እለዋለሁ። መጀመሪያ እየተጯጯህን፣ ቀጥሎ እየተኮራረፍን፣ በኋላ በኋላ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ ሳናነሳው ኖርን። አፋችን ተወው እንጂ ነገሩ እኛን አልተወንም፤ ሻይ ስቀዳለት መሐላችን ይቀመጣል፣ በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ አብሮት ይገባል።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ቀለም ብዙ አልቆጠርኩም። እናታችን ስትሞት ወንድሜ የወተት ጥርሱን እንኳ ነቅሎ አልጨረሰም ነበርና ትምህርቱን ለእሱ ትቼ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ጠባዩን እንደ እናት እንደማውቀው እንድታውቁልኝ ነው። ወንድሜ ሰው እንዳይከፋው ብሎ የሚኖር ሰው ነው። ልጅ ሆኖ ሁለት ልጆች ሲጣሉ መሐል ይገባና የሁለቱንም ጥፊ ቀምሶ ይመጣል። አንደኛውን እንኳ መልሰህ አትመታም ወይ ስለው፣ ኋላ ይቀየመኛል ይለኛል። ጉንጩ ቀልቶ እንባው እየወረደ እኮ ነው።

አድጎ ሶፍትዌር ኢንጂነር ሆነ። የሚሠሩት የአምቡላንስ ፕሮግራም ነው። ሰው ደውሎ ድረሱልኝ ሲል ፕሮግራሙ ቅርብ ያለውን አምቡላንስ ይመርጣል፤ ሾፌሩንም በስክሪን በዚህ ግባ፣ በዚያ ታጠፍ እያለ ይመራዋል። ለማሽኑ የሚጽፉለትን ትእዛዝ ኮድ ይሉታል። በኮዱ መሐል ለሰው የሚሆን ማስታወሻ መጻፍም ይቻላል አሉ፤ ማሽኑ ዘሎት ያልፋል፣ ከኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ግን አንብቦ ይህ ለምን እንደተደረገ ይረዳበታል። ይህን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ያኔ ቢሯቸው ከቤቴ ብዙም ስለማይርቅ ጓደኞቹን እያስከተለ ምሳ ይመጣ ነበር። በስማቸው መጥራት አይሆንልኝም፤ ለየራሳቸው ስም አወጣሁላቸው።

አንደኛው ሊቁ ነው። ማንኪያውን አፉ ደጃፍ አድርሶ ሐሳብ ይወስደዋል፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ እሱ የለም። ባሌ፣ ይኼ ልጅ የሚበላው በዓይኑ ነው ይል ነበር። እንቆቅልሽ ከሰጡት ውሎ ያድርበታል። ከፈታው በኋላ ግን ነገሩ ይኑር ይጥፋ ጉዳዩ አይደለም፣ ቀጥሎ ያለውን አምጡ ነው። ለሚሠራውም ማስታወሻ አይተውም። የገባው ይገባዋል ይላል አሉ።

ሁለተኛው ደርዳሪው ነው። ገበታዬ ላይ ማንኪያዎቹን በመስመር ሳያሰልፍ አይጎርስም። መጋረጃ ተጣሞ ካየ ሳይጠየቅ ተነስቶ ያቃናል፤ የእኔን የሰፊዋን መጋረጃ እኮ ነው። ዓይን አፋር፣ ጨዋ ልጅ፣ የበላበትን ሰሃን ሳያጥብ ወጥቶ አያውቅም። ለእሱ ሥራ ማለት ነገርን ጥርት ማድረግ ነው።

አለቃቸውን ጭብጨባ አልኩት። ቀልዱን ይናገርና ማን ሳቀ ብሎ ዙሪያውን ያያል። ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ሳያየው የዋለውን ቀን እንደኖረው የማይቆጥር፣ እንደዚያ ያለ ሰው ነው።

አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷ ባለሰዓቷ ናት። የምሳ ሰዓት ሲያልቅ የጀመረችውን ቃል እንኳ ሳትጨርስ ቦርሳዋን ታነሳለች። ማታም የመውጫው ሰዓት ሲደርስ ቢሮው ቢቃጠል ወደ ልጆቿ ነው የምትሮጠው አሉ። ሥራው ለእሷ የልጆቿ ጉሮሮ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፍቅር የላትም። ባሌ ይወዳታል፣ ቀጥ ያለች ሰው ናት ይላል። እኔ አልወደድኳትም።

ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጨዋታ አዋቂ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ፍራሽ እስከ ላይ የጫነ መኪና በሰፈራችን በባቡሩ ድልድይ ስር አልፋለሁ ብሎ እንዴት እንደተቀረቀረ አወራልን። ሾፌሩ ዝቅ እንዲልለት ጎማ ሲያስተነፍስ፣ ፍራሹ እንደ ተቆጣ ሰው ሲነፋበት፣ የመንደሩ ልጆች ላዩ ላይ ወጥተው ሲዘሉ፣ ሁሉንም በእጁና በጉንጩ እያሳየ ነው የነገረን። ወንድሜ በሳቅ ትን አለው። ጭብጨባ ቀንቶ የራሱን ጨዋታ ጀመረ። ሊቁ ብቻ አልሳቀም። ድልድዩ ከፍታው ምን ያህል ነው ብሎ ጠየቀና ሰሃኑን ሳይነካ ተነስቶ ሄደ። እኔ ምግቤ ያልጣመው መስሎኝ ተቀየምኩት። ባሌ ግን፣ ተይው፣ እንቆቅልሽ አግኝቶ ነው አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው ያ ቀን የመጣው። ሊቁም ሌላ እንቆቅልሽ ፍለጋ ሥራውን ለቆ ነበር።

ባሌ ጠዋት ቁርሱን ጨርሶ ሊነሳ ሲል ደረቱን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ምን ሆንክ ስለው ፈገግ ለማለት ሞከረ። ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ አይዞሽ እናቴ፣ ቅርብ ነው፣ መጣልሽ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ቅርብ ነበር። የአምቡላንሱን ጩኸት ሰማሁት። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሰማህ፣ መጡልህ እለዋለሁ። ጩኸቱ ከባቡሩ ድልድይ ማዶ መጣና ቆመ። አይቀርብም፣ አይርቅም። አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ይጮሃል። ባሌ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ። እኔም አብሬው ወደ በሩ አየሁ።

በኋላ እንደሰማሁት አምቡላንሱ ድልድዩ ስር ሊገባ ሲል የጣራው መብራት ነካ። ሾፌሩ አዲስ ነው፣ ሰፈሩን አያውቀውም፣ ስክሪኑ በዚህ ግባ ስላለው ገባ። ወደ ኋላ እንዳይመለስ መኪናዎች ከኋላው ተደርድረዋል፣ መንገዱ ጠባብ ነው። አብራው የነበረችው ረዳት ቦርሳዋን አንጠልጥላ በእግሯ ሮጣ ስትደርስ የባሌ እጅ እጄ ውስጥ በርዶ ነበር።

ለቅሶ ሁሉም መጡ። ደርዳሪው እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው፤ የሚያባብለው ሰው ጠፋ። ጭብጨባ የሚለው ጠፍቶት ጣሪያ ጣሪያ አየ። ባለሰዓቷ ሁሉም ከሄዱ በኋላ እንኳ ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን ሰዓት አላየችም። እኔ ይህን ልብ ብዬ፣ የጸጸት ነው አልኩ በሆዴ።

ወንድሜ የነገረኝ ይህን ያህል ነው፤ ከፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ነገር ጠፍቶ ነበር፣ በዚያ ምክንያት አጭሩን መንገድ መረጠ፣ አሁን ተስተካክሏል። ተሰብስበን ተነጋግረናል አለኝ። ማን አጠፋው ስለው ነው ያን ነገር ያመጣብኝ።

«እኛ ጋ ስም አይጠራም፣ እትዬ። ስም ከተጠራ ሰው ይፈራል፤ ከፈራ ይደብቃል፤ ከደበቀ ደግሞ ያው ነገር ተመልሶ ይመጣል።»

ደንባቸው ነው። በዓለም ላይ ሥራ የሚያውቁ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት አለኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አንድ ነገር ከያዝኩ የምለቅ ሰው አይደለሁም፤ ባሌ ራሱ፣ አንቺን ከመመለስ ባቡሩን መመለስ ይቀላል ይለኝ ነበር። ስም ፈለግኩ። ማታ ተኝቼ የምረግመው አንድ ሰው ፈለግኩ። ወንድሜ ባይነግረኝም እኔው መረጥኩ፤ ባለሰዓቷ ናት አልኩ። ልቡ ቤቱ የሆነ ሰው፣ ዓይኑ ግድግዳው ሰዓት ላይ የተተከለ ሰው፣ እሱ ነው የሚያጠፋ። መንገድ ላይ ስታገኘኝ እንደምን ዋሉ እትዬ ትለኛለች፤ እኔ ፊቴን ወደ ግንቡ አዞራለሁ። በሚቀጥለው ቀንም ታገኘኛለች፣ በሚቀጥለውም ቀን ሰላም ትለኛለች። እሷም ለካ እንደ እኔው ድርቅ ያለች ናት።

እንዲህ እንዳለን ነው ባለፈው ሰሞን ወንድሜ በሥራ ሰዓት ሱቄ የገባው። በሥራ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። የትምህርት ቤት አዳራሽ መጋረጃ ዘርግቼ እየቀደድኩ ነበር። ሰላም ሳይለኝ ጨርቁ ክምር ላይ ተቀመጠ።

አዲስ ልጅ ቀጥረዋል፤ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች፣ ነቄ ልጅ ናት አለኝ። ኮዱን ስታነብ አንድ መስመር አገኘች። ምን እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ለምን እንደሚሠራ ግን የጻፈ የለም። ትርፍ መሰላት። ልታጠፋው ወስና ይለፍ እንዲባልላት ላከችው። እነሱ ጋ አንዱ የቀየረውን ሌላው አንብቦ ይለፍ ካላለው አይገባም። ወንድሜ ያየው እንዲያው ዓይኑ ስለወደቀበት ነው።

«የትኛው መስመር ነው?» አልኩት፤ ግን ገብቶኛል። መቀሱን አስቀመጥኩ።

«በባቡሩ ድልድይ ስር አትላክ የሚለው።»

ከዚያ በኋላ አፉ ተከፈተ። ያን ሁሉ ዓመት የቋጠረውን ጨርቄ ላይ አፈሰሰው። መስመሩን የጻፈው ሊቁ ነው፤ እንደ ልማዱ ምክንያቱን አልጻፈም። ደርዳሪው ኮዱን ሲያጸዳ አገኘው፤ አንድን መንገድ ብቻ ለይቶ የሚከለክል፣ መልኩ የማያምር፣ ማንም የማያውቀው ነገር ሆነበት። ጠረገው። ጭብጨባ ደግሞ ለእንግዶች አሳያለሁ ብሎ ቀን ቆርጦ ስለነበር ቶሎ ቶሎ እያለ ቆሞባቸዋል። ባለሰዓቷ አይታው፣ ለምን እንደተጻፈ ሳናውቅ ለምን እናጠፋዋለን ብላ ጠይቃለች። ጠይቃ ሰዓቷ ደረሰና ወደ ልጆቿ ሄደች። ጥያቄዋ መልስ ሳያገኝ ይለፍ ተባለ።

«ይለፍ ያለው ማነው?»

ወለሉን አየ። ልጅ ሆኖ ጥፊ ቀምሶ ሲመጣ የነበረው ፊት ነው፤ ያው ፊት፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበት።

«እኔ ነኝ። አላነበብኩትም፣ እትዬ። ደርዳሪው ሳምንቱን ሙሉ ደክሞበት ነበር፣ እንዳይከፋው። አለቃውም እንዳይቆጣ። ሁሉም ደስ እንዲለው ብዬ ነው።»

ምን እንደምል ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ዓመታት ሙሉ ለዚያ ሰው የምለውን በሆዴ ሳገላብጥ ኖሬአለሁ፤ አንዱም ቃል አልመጣልኝም። የማውቀው ጠባይ ነዋ። እኔው ያሳደግኩት ጠባይ።

እሱ ግን አልጨረሰም። ሊቁ ያን መስመር የጻፈው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ አለኝ። ያን የፍራሹን ጨዋታ የሰማን ቀን፣ ምሳውን ሳይበላ ተነስቶ ወደ ድልድዩ ሄደ፤ ለካው፤ ተመልሶ ጻፈው። አደጋው ከደረሰ በኋላ ወንድሜ ፈልጎ አግኝቶ ሲጠይቀው ነው የነገረው።

«መስመሩ የጋሼ ነው፣ እትዬ። ከጋሼ አፍ የወጣ ነው።»

የተቀደደው መጋረጃ ላይ እጄን አሳርፌ ቆየሁ። ከውጭ ሰው ገብቶ የዋጋ ነገር ጠየቀኝ መሰለኝ፤ ነገ ና አልኩት። ከዚያ ወንድሜን አንድ ነገር ጠየቅኩት። መስመሩን ስትመልሱት ምክንያቱን ለምን አልጻፋችሁበትም አልኩት።

ስብሰባው ወስኖ ነበር፤ እንዲጽፍ የታዘዘው ራሱ ወንድሜ ነው። ሌሎቹ የተጻፈ መስሏቸው ረሱት። እሱ ይጽፋል፣ ያጠፋል። ድልድዩ ዝቅተኛ ነው ብሎ ብቻ ሲጽፍ ጋሼን የቀበረ ይመስለዋል። የሆነውን እንዳለ ሲጽፍ ደግሞ ደርዳሪው ያነበዋል፣ ልጁ ይሰበራል፣ አለቃው ይከፋዋል። ነገ እጽፈዋለሁ እያለ ቀረ።

ያኔ ነው ቃሉ የመጣልኝ።

«ስም መደበቁ ደንባችሁ ነው፣ ይሁን። ባሌን ግን ለምን አብራችሁ ደበቃችሁት?»

ነገ ጠዋት ቢሯችሁ እመጣለሁ፣ ለዚያች ልጅም እንዳትነካው ንገራት አልኩና መቀሴን አነሳሁ።

በማግስቱ የክት ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። በድልድዩ ስር ነው ያለፍኩት፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዞሬ ነበር የምሄደው። ቢሯቸው ሰፊ ክፍል ነው፣ መስኮቱ መጋረጃ የለውም፣ ፀሐይ ስክሪኖቻቸው ላይ ይተኛል፤ እነሱም በካርቶን ይከልሉታል። ስኒው እዚህም እዚያም ተቀምጧል። በደርዳሪው ጠረጴዛ ላይ ብቻ እስክሪብቶዎቹ ተሰልፈዋል። ሲያየኝ ተነስቶ ቆመ። ጭብጨባ ሹመቱ ከፍ ብሎ የራሱ ክፍል ተሰጥቶታል አሉ፤ በመስታወቱ አየኝና ወጣ። ባለሰዓቷ ቀና ብላ፣ እንደምን አደሩ እትዬ አለች፤ እንደ ሁልጊዜው።

«ደህና» አልኳት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ወደ አዲሷ ልጅ ሄጄ ያን መስመር አሳዪኝ አልኳት። ልጅቱ ማን እንደሆንኩ ወንድሜ ሳይነግራት አልቀረም፤ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። በጣቷ አሳየችኝ። ከጣቷ አይረዝምም። የማላውቀው ፊደል ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ አየሁት። ከኋላዬ የደርዳሪው ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እትዬ።»

«ነግሮኛል። ተቀመጥ፣ ልጄ።»

አልተቀመጠም። ወንድሜን ጠራሁትና፣ አንተ ጻፍ፣ እኔ እናገራለሁ አልኩት። ተቀመጠ። አንድ ሰው እንዳረፈ ሊጽፍ ሲል አይቼ፣ አረፈ አትበል፣ ሞተ በል አልኩት። አንዳንድ ክፍተቶች ነበሩ የሚል ነገርም ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ አጥፋው አልኩት። ጭብጨባ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይህን የውጭ ሰው ቢያየው ለድርጅቱ ጥሩ ስም አይደለም አለ፣ በትሕትና። ይህኛው ጭብጨባ አያመጣም፣ እውነትህን ነው አልኩት። መሬት መሬት እያየ እስከ መጨረሻው ቆመ፣ አልሄደም።

የተጻፈው ይህ ነው፦

«ከዚህ በታች ያለውን መስመር አትንኩ። በባቡሩ ድልድይ ስር አምቡላንስ አያልፍም፣ ጣራው ይነካል። ይህን የነገረን ሰው ምሳ ላይ እየቀለደ ነው የነገረን። መስመሩ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ አምቡላንሱ ከድልድዩ ማዶ ቆሞ ሲጮህ ያ ሰው ወዲህ ማዶ ቤቱ ውስጥ ሞተ። አንዱ ምክንያቱን ሳይጽፍ ስለሄደ ነው። አንዱ ቆሻሻ መስሎት ስለጠረገው ነው። አንዱ ስለቸኮለ ነው። አንዱ ሰው እንዳይከፋው ብሎ ሳያነብ ስላሳለፈው ነው። አንዷ ለምን ብላ ጠይቃ ነበር፤ የመለሰላት የለም። ሚስቱ ጩኸቱን ትሰማ ነበር።»

ወንድሜ የመጨረሻውን ሲጽፍ ፊደሉ ጠፋበት፤ አዲሷ ልጅ በላዩ ጎንበስ ብላ ረዳችው። ከዚያ ቀና አለችና ስም ይጻፍ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉም እኔን አዩ። ደርዳሪው ዓይኑን አልሰበረም፣ ይጻፍ የሚል ይመስል ነበር። ወንድሜም እንደዚያው። ያን ስም ስንት ዓመት ነው የፈለግኩት፤ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«አይጻፍ» አልኩ። «ነገ ሌላ ሰው ይመጣል፣ ስማችሁን አያውቅም። ጠባያችሁን ግን ራሱ ላይ ያገኘዋል።»

የባሌንም ስም አላስጻፍኩም። እሱ የእኔ ነው።

ወንድሜ እንግዲህ አንድ ሰው አንብቦ ይለፍ ማለት አለበት አለ። ጣቴን ወደ ባለሰዓቷ ቀሰርኩ። መጥታ ተቀመጠች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃል በቃል አነበበች፤ እላይ ተመለሰችና ደግማ ከመጀመሪያው ጀመረች። የምሳ ሰዓት ደርሶ በሌላው ክፍል ያሉት እየተጠራሩ ወጡ። እሷ አልተነሳችም። እኔም ከጎኗ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አንብባ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።